ስለ እንግሊዝኛ ፈተና ዝግጅት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፈተና ወቅት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ከማራኪ እስከ አዘዞ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። የ12ኛ ክፍል ተማሪው የቆዩ የእንግሊዝኛ ፈተናዎችን ያስባዛል፤ ተመራቂው የመውጫ ፈተና ጥያቄዎችን፣ ሁለተኛ ዲግሪ ያሰበው ደግሞ የጋት (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) መለማመጃ። ትጋቱ አለ። የሚያሳስበኝ ትጋቱ የሚባክንበት መንገድ ነው። ተፈታኞችን ሳስጠና ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ላንሳ።

«አንድ ሺህ ቃል ከነትርጉሙ የሸመደደ ቮካቡላሪውን ይደፍነዋል»

አይደፍነውም። ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ ዓረፍተ ነገር ሰጥቶ ክፍት ቦታ ያስሞላል፤ አለዚያም ቃሉ በምንባቡ ውስጥ የያዘውን ፍቺ ይጠይቃል። በሸመደዳችሁት ዝርዝር ላይ «ሜክ» እና «ዱ» ሁለቱም «ማድረግ፣ መሥራት» ተብለው ተቀምጠዋል። ጥያቄው «ሚስቴክ» ከሚለው ቃል በፊት ክፍት ቦታ ትቶ ሲመጣ ያ ዝርዝር አያድናችሁም። ስህተት ከሆነ «ሜክ»፣ የቤት ሥራ ከሆነ «ዱ» ነው፤ ይህንን የሚያውቀው ቃሉን አብሮት ከሚሄደው ቃል ጋር የያዘ ሰው ብቻ ነው።

እዚሁ አገራችን ያለውን የቅኔ ቤት ተመልከቱ። ተማሪው ግስ ያጠናል፤ ግሱን ይዞ ግን አይቀመጥም። ቅኔ ይቆጥርበታል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። የእንግሊዝኛ ቃልም እንዲሁ ነው። «ስኬርስ» (እንደ ልብ የማይገኝ) የሚለውን ቃል ዛሬ ካገኛችሁት ዛሬውኑ ከራሳችሁ ኑሮ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት፦ «ዋተር ኢዝ ስኬርስ ኢን አወር ቀበሌ»። ጀሪካን ይዞ ወረፋ የጠበቀ ሰው ይህን ቃል በቀላሉ አይረሳውም። ከዚያ ለሚያርም ሰው አሳዩት። በቀን አምስት ቃል እንዲህ የያዘ፣ ሃምሳ ከሸመደደው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

«የግራመሩን ቀመር ካወቅኩ በቃኝ»

ብዙ ነጥብ የሚፈሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ። ተማሪው «ሃቭ ወይም ሃዝ ሲደመር ፓስት ፓርቲሲፕል» የሚለውን ቀመር እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግመዋል። ፈተናው ላይ ግን «ሂ ሃዝ ከም የስተርዴይ» የሚለውን ትክክል ነው ብሎ ያጠቁራል። ጥፋቱ ከአለማጥናት አይደለም። በአማርኛ «ትናንት መጥቷል» ማለት ምንም ነውር የለበትም፤ ጆሯችን ለምዶታል። እንግሊዝኛው ግን ያለፈው ጊዜ በስም ከተጠራ ፕረዘንት ፐርፌክትን አይቀበልም፤ «ሂ ኬም የስተርዴይ» ነው የሚለው።

መለማመጃ ከፈለጋችሁ ፋሲል ግቢ አጠገባችሁ ነው። ግቢው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ዓመቱ ስለተጠቀሰ «ኢት ወዝ ኢንስክራይብድ ኢን 1979» ይባላል፤ በ«ወዝ» ፋንታ «ሃዝ ቢን» ካስገባችሁ ተሳሳታችሁ። «ኢት ሃዝ ቢን ኤ ወርልድ ሄሪቴጅ ሳይት ሲንስ 1979» ግን ትክክል ነው፤ ቅርስነቱ እስከ ዛሬ አልተቋረጠምና። ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፋችሁ ልዩነቱን ለጓደኛችሁ በአማርኛ ማስረዳት ከቻላችሁ፣ ያ ዓይነት ጥያቄ ከእንግዲህ አያስቸግራችሁም።

ሌላም አለ። እኛ «ምንም እንኳ ቢደክመኝም፣ ግን አጠናሁ» እንላለን። እንግሊዝኛ «ኦልዞው» ካለ «በት»ን አይጨምርም፤ ከሁለቱ አንዱ ይበቃዋል። «የት እንዳለ አላውቅም» ለማለትም «አይ ዶንት ኖው ዌር ኢዝ ሂ» የሚል ብዙ ነው፤ ትክክሉ «ዌር ሂ ኢዝ» ነው። ፈተና አውጪዎች እነዚህን ቦታዎች ያውቋቸዋል፤ የተሳሳተው ምርጫ ለጆሯችን የሚጥመው ለዚህ ነው። ስለዚህ የየራሳችሁን ስህተት ብቻ የምትመዘግቡበት አንድ ደብተር ይኑራችሁ። ለእኔ ከማንኛውም የግራመር መጽሐፍ በላይ ዋጋ አለው።

«የአሥር ዓመት ፈተና ከሠራሁ ይደገማል፣ አልፋለሁ»

የቆየ ፈተና መሥራት ጥሩ ነው፤ የጥያቄውን መልክና የሰዓቱን ጫና ያስለምዳል። ችግሩ አሠራሩ ነው። ጥያቄውን አንብቦ፣ መልሱን ከቴሌግራም ቻናል ገልጦ «አሃ፣ ቢ ነው» ብሎ ማለፍ ልምምድ አይባልም። በየቻናሉ ከሚዞሩት መልሶች መካከል የተሳሳቱም አሉ። አንድ ጥያቄ ተሠራ የሚባለው መልሱ ለምን እንደሆነ፣ ቀሪዎቹ ሦስቱም ለምን እንዳልሆኑ መናገር ስትችሉ ነው። እንዲህ ከሆነ አሥር ጥያቄ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ ይብቃችሁ።

«ያላወቅኩትን ሁሉ ሲ እመታለሁ»

አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ በጭፍን መምታት በአማካይ የሚሰጠው 25 በመቶ ነው። ሁለቱን የማይሆኑ ምርጫዎች በእውቀት ከጣላችሁ ግን ዕድሉ 50 በመቶ ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ ግስ ሲጠይቅ ምርጫው ስም ከሆነ ይወድቃል፤ ባለቤቱ ብዙ ሆኖ ግሱ ለነጠላ ከሆነም ይወድቃል። ባዶ ትቶ መውጣት አልመክርም፤ ሳይጥሉ መምታትንም።

«መውጫ ፈተና የሙያ ፈተና ነው፣ እንግሊዝኛ ምን ያደርግልኛል?»

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ጥያቄዎቹም የሚመጡት በእንግሊዝኛ ነው። ትምህርቱን አሳምሮ የሚያውቅ ተመራቂ «ኤክሰፕት» (በስተቀር) ወይም «ሊስት ላይክሊ» (የመሆን ዕድሉ ከሁሉም ያነሰው) የምትለዋን ሳያስተውል የተገላቢጦሹን ሲያጠቁር አይቻለሁ። እነዚህን ቃላት ባያችሁ ቁጥር አስምሩባቸው።

«ፊልም ካየሁ ይበቃኛል» የሚሉም አሉ። ፊልም ጆሮን ያሠለጥናል፤ ፈተናው ግን የጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፣ በቀን አንድ ገጽ ያንብቡ።

«ከታች ክፍል መሠረት ያልያዘ አይችልም»

ይህኛው ያመኛል፤ የሚሉት በአብዛኛው በክልላችን ትምህርት ሲቋረጥባቸው የቆዩ ልጆች ናቸውና። ጎበዞቹ የግል ትምህርት ቤት ልጆች ብቻ የሆኑ ይመስላቸዋል። እውነት ነው፣ ክፍተቱ አለ። ነገር ግን ፈተናው ላይ የሚመላለሰው ሰዋስው ያን ያህል ሰፊ አይደለም፦ የግስ ጊዜያት፣ ፓሲቭ፣ ኮንዲሽናል፣ ሪፖርትድ ስፒች፣ የባለቤትና የግስ ስምምነት፣ መስተዋድድ። የ12ኛውን መጽሐፍ ትታችሁ ከ9ኛው ጀምሩ፤ ምንባቡን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ መልመጃውን መልሱን ሳታዩ ሥሩ። ያልገባችሁን ምልክት አድርጋችሁ መምህራችሁን፣ መምህር ከሌለ ዩኒቨርሲቲ የገባ የሰፈር ልጅ ጠይቁ። አንዱን ርዕስ ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትዝለሉ፤ ከግስ ጊዜያት ብትጀምሩ ደግሞ ፓሲቩም ኮንዲሽናሉም ይቀሉላችኋል።