ሜድ ቢቨር ምንድን ነው?

በሰሜን ካናዳ፣ የሄይስ ወንዝ ወደ ሐድሰን የባሕር ወሽመጥ በሚገባበት ዳርቻ፣ ዮርክ ፋክትሪ የሚባል የንግድ ጣቢያ ነበር። ስሙ «ፋክትሪ» ይባል እንጂ ፋብሪካ አልነበረም፤ በዘመኑ አነጋገር ቃሉ «ፋክተር» የተባለው የኩባንያ ወኪል ተቀምጦ የሚነግድበትን ቦታ ያመለክት ነበር። የሐድሰን ቤይ ኩባንያ የተባለው የእንግሊዝ የቆዳ ንግድ ድርጅት ጣቢያውን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1684 ሲሆን፣ ፈረንሳዮች በጦርነት ደጋግመው ቢይዙትም ከ1713ቱ የዩትሬክት ውል በኋላ ለኩባንያው ተመልሶ እስከ 1957 ድረስ ሠርቷል። በዚህ ጣቢያና በእኅት ጣቢያዎቹ ከአዳኞች ጋር የሚደረገው ንግድ የሚሰላው በገንዘብ ሳይሆን «ሜድ ቢቨር» በሚባል መለኪያ ነበር።

ቢቨር እንጨት በጥርሱ እየቆረጠ በወንዝ ላይ ግድብ የሚሠራ እንስሳ ነው። አንድ ሜድ ቢቨር ማለት ደግሞ ጸጉሩ በሚበዛበት የብርድ ወራት የተያዘ፣ ዕድሜው የደረሰ ቢቨር ቆዳ ከነጸጉሩ ተገፎ፣ ሥጋና ስቡ ተፍቆለት ለገበያ ሲሰናዳ የሚኖረው ዋጋ ነው።

ከእንስሳት ሁሉ ቢቨር የተመረጠው በአውሮፓ ባርኔጣ ምክንያት ነው። የቢቨር ጸጉር ሁለት ድርብ አለው፤ ላይኛው ረጅምና ሸካራ ሲሆን፣ ሥር ያለው አጭርና ለስላሳ ጸጉር በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን እሾሆች ስላሉት ሲታሽና ሲጠቀጠቅ እርስ በርሱ ተያይዞ ውኃ የማያስገባ ጠንካራ ንጣፍ ይሆናል። በተለይ ይፈለግ የነበረው አዲስ ቆዳ ሳይሆን የተለበሰው ነበር። የአካባቢው ባለቤቶች የሆኑት የክሪ ሰዎች ብዙ ቆዳዎችን በአንድ ላይ ሰፍተው ጸጉሩን ወደ ውስጥ በማድረግ ለዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሲለብሱት፣ ረጅሙ ጸጉር በመታሸት ብዛት ይረግፋል፣ ቆዳውም በገላ ወዝ ይለሰልሳል። ስለዚህ የአውሮፓው ባርኔጣ ሠሪ ከባዱን ሥራ የሚያገኘው ሌላ ሰው በሰውነቱ ሙቀት ሠርቶለት ነበር፤ ይህ ድካም በታሪክ አጻጻፍ ውስጥ ተገቢውን ቦታ አግኝቷል ብዬ አላምንም።

ሳንቲም በማይዘዋወርበት አገር ማናቸውም ነገር በዚህ መለኪያ ይተመን ነበር። አዳኙ ማርተን የተባለውን ትንሽ ባለጸጉር እንስሳ ቆዳ ቢያመጣ ሦስቱ እንደ አንድ ቢቨር ይቆጠሩለታል። በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በዮርክ ፋክትሪ አንድ ረጅም ጠመንጃ በ14 ሜድ ቢቨር፣ አንድ ብርድ ልብስ በ7 ይሸጥ ነበር። ለአንድ ጠመንጃ ቁመቱን የሚያህል የቆዳ ክምር ይጠየቅ ነበር የሚለው ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ወሬ ከዚህ ተመን ጋር አይስማማም፤ 14 ቆዳ ተነባብሮ የጠመንጃ ቁመት አይደርስምና።

ይሁን እንጂ ተመኑን ብቻ አይቶ ንግዱ ፍትሐዊ ነበር ማለትም ስሕተት ነው። በለንደን የጸደቀው ተመን ለብዙ ዓመታት እምብዛም ሳይለወጥ ሲቆይ፣ የሚለወጠው መስፈሪያው ነበር። የጣቢያው ሹም ባሩዱን ሲሰፍር ጎደል፣ ጨርቁን ሲለካ አጠር ቢያደርግ፣ በመዝገብ የሚሰፍረው ቁጥር ያው ሆኖ ሳለ በእጁ ትርፍ ይቀራል። ኩባንያው ይህን ትርፍ «ኦቨርፕላስ» በሚል ስም በግልጽ ይመዘግበው ነበር፤ ከዚሁም ንግዱ ከመከፈቱ በፊት ለአዳኞቹ መሪዎች የሚሰጠው ስጦታ ይሸፈን ነበር። ፈረንሳዮች በ1730ዎቹ ወደ መሀል አገር ዘልቀው የራሳቸውን ጣቢያዎች ሲያቋቁሙ፣ አዳኙ ሌላ የሚሄድበት ስላገኘ ሹሞቹም እጃቸውን ለመፍታት ተገደዱ።

ቆዳ ይዘው በታንኳ የሚመጡት ሰዎችም ይህን ሁሉ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የጣቢያው ሹም ጄምስ አይሻም በ1743 ባሰፈረው ማስታወሻ ውስጥ፣ አንድ የአዳኞች መሪ ንግድ ሲከፈት የሚያደርገው ንግግር ይገኛል። መሪው ጠመንጃው ቀላልና ለእጅ የሚመች፣ መተኮሻውም በብርድ የማይደርቅ እንዲሆን ይጠይቃል፤ መስፈሪያውም የቀድሞው እንዲሆንላቸው ያሳስባል። ሙግቱ በቁጥሩ ላይ ሳይሆን በመስፈሪያው ላይ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል፤ ዋጋው በእርግጥ የሚወሰንበትን ቦታ ለይቶ ያወቀ ሰው ንግግር ነውና።

መለኪያው በእጅ የሚያዝ ሳንቲም የሆነው ዘግይቶ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ኩባንያው ከወሽመጡ በስተ ምሥራቅ ላለው የኢስትሜይን ቀጠና የ1፣ የግማሽ፣ የሩብና የስምንተኛ ሜድ ቢቨር የነሐስ ሳንቲሞች አስቀርጾ ነበር። በላያቸው ላይ የኩባንያው ምልክት፣ የቀጠናው ስምና የዋጋው መጠን ተቀርጿል፤ የመለኪያው ስም ግን በቀራጩ ስሕተት «ኤም ቢ» መሆኑ ቀርቶ «ኤን ቢ» ተብሎ ወጥቷል።