የካሊፎርኒያ የኢንጂነሪንግ ኩባንያዎች ማህበር

ኤሲኢሲ ካሊፎርኒያ (የአሜሪካ የኢንጂነሪንግ ኩባንያዎች ምክር ቤት የካሊፎርኒያ ክንፍ) የግል አማካሪ መሐንዲሶችንና የቀያሾችን ድርጅቶች የሚወክል የንግድ ማህበር ነው። ጽሕፈት ቤቱ በሳክራሜንቶ ነው። አባላቱ ድርጅቶች እንጂ ግለሰቦች አይደሉም። ለብዙ ዓመታት ሴልሶክ በሚል ምህጻር ይታወቅ ስለነበር ነባር አባላት ዛሬም በዚያ ስም ይጠሩታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

እናት ማህበሩ ብሔራዊ ነው። ሥሩ በ1910 ከተቋቋመው የአሜሪካ አማካሪ መሐንዲሶች ተቋም ይጀምራል፤ ይህ ተቋም በ1973 ከሌላ የአማካሪዎች ምክር ቤት ጋር ተዋሃደ። በእኛ አገር የመንገድ ሥራ ላይ የቆየ ሰው የፊዲክን (የዓለም አቀፉን የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ውል ያውቀዋል። የፊዲክ የአሜሪካ አባል ይኸው ብሔራዊ ማህበር ነው።

የካሊፎርኒያ መሐንዲስነት ታሪክ ሲነሳ ሴንት ፍራንሲስ ግድብ አይቀርም። መጋቢት 12 ቀን 1928 ሊጋመስ በተቃረበ ሌሊት ግድቡ ተደርምሶ ከ400 በላይ ሰው በጎርፍ አለቀ። በማግስቱ ዓመት ግዛቲቱ ሲቪል መሐንዲሶች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። አማካሪ ድርጅቶች ዛሬ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ንድፍ ላይ በሚያሳርፈው ማኅተም የሚኮሩት በዚህ ምክንያት ነው።

የሙያው አንዱ ምሰሶ ይህ ፈቃድ ሲሆን፣ ሁለተኛው የፌዴራል መንግሥቱ የብሩክስ ሕግ ነው። የቴክሳሱ የምክር ቤት አባል ጃክ ብሩክስ ያቀረበው ይህ ሕግ በ1972 ጸደቀ። መሐንዲስ በዋጋ ጨረታ አይመረጥም ይላል። አሠሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ድርጅቶችን በብቃት ደረጃ ያወጣቸዋል፤ ከአንደኛው ጋር ስለ ዋጋ ይደራደራል፤ ካልተስማሙ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። ካሊፎርኒያም ተመሳሳይ ሕግ አላት። ድልድይ በርካሽ የሚነድፍ ሰው መፈለግ ምን እንደሚያስከትል ለሚያውቅ ሰው ይህ በጣም ትክክለኛ ሕግ ነው።

የማህበሩ ትልቁ ትግል ግን የካሊፎርኒያ መንግሥት ተቀጣሪ መሐንዲሶችን ከሚወክለው የሠራተኛ ማህበር፣ ከፔክግ ጋር የተደረገው ነው። የጠቡ ሥር የ1934ቱ የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። በሱ መሠረት የግዛቲቱ ሥራ በቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ መሠራት አለበት የሚል ትርጉም ሰፍኖ ኖረ። ጥቅምት 17 ቀን 1989 የሎማ ፕሪየታ የመሬት መንቀጥቀጥ 63 ሰዎችን ገደለ። ከነዚህ 42ቱ ያለቁት በኦክላንድ፣ የሳይፕረስ ተሻጋሪ መንገድ ሲደረመስ ነው። ድልድዮችን የማጠናከሩ ሥራ ከመንግሥት መሐንዲሶች አቅም በላይ ሆነ፤ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ካልትራንስም የግል ድርጅቶችን ቀጠረ። ፔክግ የግል ውሎችን በፍርድ ቤት ተቃወመ። በ1990 ፍርድ ቤት እግድ ጣለ። የግዛቲቱ ምክር ቤት በ1993 ሕግ አውጥቶ ክልከላውን ለማላላት ሞከረ፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1997 እግዱን አጸና። ለግል ድርጅቶች ከባድ ዘመን ነበር።

ፔክግ በሰኔ 1998 ፕሮፖዚሽን 224ን (ፕሮፖዚሽን በሕዝብ ድምፅ የሚወሰን የሕግ ሐሳብ ነው) አቀረበ። እያንዳንዱ የግል ውል ከመንግሥት ሠራተኛ ወጪ ጋር እንዲነጻጸር የሚጠይቅ ነበር፤ ስሌቱ ሚዛናዊ ነው አይደለም የሚለው እስካሁን ያከራክራል። መራጩ ከ60 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ጣለው። ማህበሩ በበኩሉ ፕሮፖዚሽን 35ን ይዞ መጣ። ኅዳር 7 ቀን 2000 በ55 በመቶ ገደማ አለፈ። ውጤቱ አንቀጽ 22 ሆኖ በሕገ መንግሥቱ ገባ፤ መንግሥት የግል መሐንዲሶችን የመቅጠር መብት አገኘ። አንድ የንግድ ማህበር ሕገ መንግሥት እስከ መለወጥ መድረሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ፔክግ የመንግሥት ሥራ ወደ ግል ኪስ ይሄዳል ሲል ተከራከረ። የሱም አባላት ጎበዝ መሐንዲሶች ናቸው፤ ሥራቸውን መከላከላቸው አይወቀስም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2007 ፕሮፖዚሽን 35 የቀድሞውን ክልከላ ማንሳቱን ወሰነ። በዚያው ዓመት ማህበሩ ራሱ የመንግሥትንና የፔክግን የሥራ ስምምነት ተቃውሞ የከሰሰበትን ጉዳይም ረታ።

ከዚያ ወዲህ ትኩረቱ ገንዘብ ሆኗል። በ2017 የወጣው የነዳጅ ቀረጥ ሕግ ለመንገድ ጥገናና ለትራንስፖርት በዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያመጣል። በ2018 በፕሮፖዚሽን 6 ሊሻር ነበር። መራጩ አልፈቀደም፤ ቀረጡም ቀጠለ።