መሬት ፍለጋ ወደ ምዕራብ፦ የአሜሪካ መስፋፋት መነሻና መዘዝ

አሜሪካ በ1783 ከእንግሊዝ ጋር የሰላም ውል ስትፈራረም ምዕራባዊ ድንበሯ ሚሲሲፒ ወንዝ ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰባ ዓመት ሳይሞላ ግዛቷ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር ደረሰ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚተረከው የደፋር ገበሬዎች ጉዞ ተደርጎ ነው። ደፋሮች መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ከገበሬው ጋሪ ፊትም ኋላም መንግሥት ነበረ። መሬቱን የገዛውና የቀማው፣ የለካውና ያደለው፣ ነባሩን ባለቤት በወታደር ያስነሳው እሱ ነው።

ዋናው ምክንያት መሬት ራሱ ነው። በ1790 ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 4 ሚሊዮን አይሞላም ነበር። በ1850 ከ23 ሚሊዮን አለፈ። በምሥራቁ ጠረፍ የአባት ማሳ ለልጆች ሲከፋፈል እየጠበበ ሄደ። በዚያ ላይ ከአየርላንድና ከጀርመን ስደተኛው ይጎርፋል። በአገሩ የሰው መሬት እያረሰ ለኖረ ጭሰኛ የራሱ ማሳ ማግኘት ማለት እንጀራም ክብርም ነው። ይህን ጉጉት ማንም አርሶ አደር ይረዳዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ጥጥ ነው። ኢላይ ዊትኒ በ1793 የጥጥ መዳመጫ ማሽን ሠራ። ፍሬውን ከጥጡ መለየት ቀላል ሲሆን ጥጥ ማምረት ትልቅ ገንዘብ የሚያመጣ ሥራ ሆነ። ባለ እርሻዎቹ ወደ አላባማ፣ ወደ ሚሲሲፒና ወደ ሉዊዚያና ገሰገሱ። ጉልበቱ ግን የነሱ አልነበረም። አንድ ሚሊዮን ያህል በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ከቨርጂኒያ፣ ከሜሪላንድና ከአካባቢያቸው ወደ አዲሶቹ የጥጥ እርሻዎች ተወሰዱ። ብዙዎቹ በጨረታ ተሸጠው፣ ባል ከሚስት፣ እናት ከልጇ ተለይተው ነው የሄዱት። ስለ ምዕራብ ጉዞ ሲወራ የነዚህ ሰዎች ጉዞ እምብዛም አይነሳም። መነሳት አለበት።

ትልቁ የመሬት ግዢ የመጣው ባልተጠበቀ መንገድ ነው። ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን መልእክተኛ ወደ ፓሪስ የላከው በዋናነት የኒው ኦርሊንስን ወደብ ለመግዛት ነበር። የፈረንሳዩ መሪ ናፖሊዮን ግን በሃይቲ ጦሩ በአመፅና በቢጫ ወባ አልቆበት ነበር። ከእንግሊዝ ጋርም ሌላ ጦርነት ደጃፉ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ሉዊዚያና የሚባለውን የፈረንሳይ ሰፊ ግዛት «በሙሉ ውሰዱት» አለ። በ1803 አሜሪካ 2.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዛች። ስፋቷ በአንድ ውል እጥፍ ሆነ። ሻጩም ገዢውም እዚያ የሚኖሩትን ሕዝቦች አላማከሩም። ለአሜሪካ ይህን ዕድል የከፈቱት በባርነት ቀንበር ላይ የተነሱት ሃይቲያውያን መሆናቸውም ብዙ አይወራም።

ከመሬቱ ጋር ሐሳቡም አብሮ አደገ። በ1840ዎቹ «አህጉሩን ከዳር እስከ ዳር መያዝ ፈጣሪ የሰጠን ዕጣ ነው» የሚል አመለካከት በጋዜጦችና በፖለቲከኞች አንደበት ገነነ። ሰው የሰው መሬት ሲወስድ ኅሊናው የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል። ይህ ሐሳብ ያን ማረፊያ ሰጠ። አሜሪካ በ1845 ቴክሳስን ጠቀለለች። በዓመቱ ከሜክሲኮ ጋር ጦርነት ገጠመች። በየካቲት 1848 ውል ሲፈረም ሜክሲኮ ካሊፎርኒያን ጨምሮ ሰፊውን የሰሜን ግዛቷን በ15 ሚሊዮን ዶላር ለቀቀች። ከውሉ ዘጠኝ ቀን በፊት ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ በሚሠራበት ቦታ ወርቅ ተገኝቶ ነበር። ፈራሚዎቹ ገና አልሰሙም። ወሬው ሲነዛ 300,000 ያህል ሰው ወደዚያ ጎረፈ። የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝቦች በበሽታ፣ በረሃብና በታጠቁ ሰፋሪዎች ግድያ አለቁ። በወርቁ ዋዜማ 150,000 እንደነበሩ ይገመታል። በ1870 የቀሩት 30,000 ያህል ናቸው።

የቼሮኪን ሕዝብ ነገር ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ይህ ሕዝብ በጆርጂያና በአጎራባቾቿ ይኖር ነበር። «ሠልጥኑ» የተባለውን ሁሉ አድርጓል። ያርሳል፣ ከብት ያረባል፣ በ1827 ሕገ መንግሥት ጽፏል። ሴኮያ የተባለ አንጥረኛ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ሳይችል፣ ለቋንቋው 85 ያህል ፊደላት ፈጠረ። እያንዳንዱ ፊደል እንደ እኛው ሀሁ አንድ ሙሉ ቀለም ይይዛል። ሕዝቡ ፊደሉን በጥቂት ዓመታት ተማረ። በ1828 የራሱን ጋዜጣ አሳተመ።

በ1820ዎቹ መጨረሻ ግን ጆርጂያ ውስጥ ወርቅ ተገኘ። በ1830 ኮንግረስ ነባር ሕዝቦችን ከሚሲሲፒ ማዶ የሚያሰፍር ሕግ አወጣ። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰንም ፈረመበት። ቼሮኪዎች ጠመንጃ አላነሱም። ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1832 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር ላይ አይሠራም ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ወረቀት ላይ ቀረ። ጆርጂያ በዚያው ዓመት መሬታቸውን ሸንሽና ለነጮች በዕጣ አደለች። ሰውየው ቤቱ ውስጥ እያለ ማሳው ለማያውቀው ሰው ወጣ ማለት ነው። በ1835 ውክልና የሌላቸው ጥቂት ቼሮኪዎች አገሩን የሚያስረክብ ውል ፈረሙ። የሕዝቡ አለቃ ጆን ሮስ ከ15,000 በላይ ሰው የፈረመበትን ተቃውሞ ይዞ ዋሽንግተን ደረሰ። ሴኔቱ ግን ውሉን ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አንድ ብቻ በልጦ አጸደቀው። በ1838 ወታደሮች ቤት ለቤት እየዞሩ ሰዉን ከማዕዱ ላይ አስነሱት። በአጥር በተከለለ ካምፕ አጎሩት፣ ከዚያ ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ ነዱት። 16,000 ያህል ሰው ሄደ። 4,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ጉዞው «የእንባ መንገድ» ተባለ።

በሌላ በኩል የሰፋሪውም ሕይወት ቀላል አልነበረም። ወደ ኦሪገን የሚወስደው መንገድ 3,200 ኪሎ ሜትር ነው። ሸራ በለበሰ፣ በሬ በሚጎትተው ጋሪ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። ጋሪው በዕቃ ስለሚሞላ አብዛኛው ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው። ብዙውን የገደለው ኮሌራ ነው።

በ1862 የወጣው ሕግ ደግሞ ነገሩን አፋጠነው። የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ወይም 21 ዓመት የሞላው ሰው ትንሽ የመመዝገቢያ ክፍያ ከፍሎ 65 ሄክታር ይሰጠዋል። በድሮው የአገራችን ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። አምስት ዓመት ኖሮበት ካለማው የራሱ ይሆናል። ሴቶችና ከባርነት የወጡ ጥቁሮችም ተጠቅመውበታል። በሜዳማው አገር እንጨት ስለሌለ ሰዉ ሣር የበቀለበትን አፈር ከነሥሩ እንደ ጡብ እየቆረጠ ቤት ሠራ። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ጭቃ ያንጠባጥባል። ብዙዎች አምስቱን ዓመት ሳይጨርሱ ትተው ሄዱ። ቢሆንም በዚህ ሕግ 1.6 ሚሊዮን ያህል የይዞታ ማረጋገጫ ተሰጥቷል። በ1869 ደግሞ የባቡር ሐዲዱ ምሥራቁን ከምዕራቡ ጋር ዩታ ላይ አገናኘ። ከምዕራብ በኩል ተራራውን በስተው ያለፉት በሺዎች የሚቆጠሩ ቻይናውያን ነበሩ። በ1882 አሜሪካ ለቻይናውያን ሠራተኞች በሯን በሕግ ዘጋች።

ከመዘዞቹ አገሪቱን ራሷን ያናጋት የባርነት ጥያቄ ነው። አዲስ ግዛት በተጨመረ ቁጥር «ባርነት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?» የሚለው ክርክር ያገረሻል። በ1820 እና በ1850 በስምምነት አስታመሙት። በ1854 ውሳኔው ለካንሳስና ለነብራስካ ሰፋሪዎች ሲተው ግን ካንሳስ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ሰሜንና ደቡብ ሆድና ጀርባ ሆኑ። በ1861 የተነሳው የእርስ በርስ ጦርነት ከ600,000 በላይ ሰው ፈጀ።

ሜዳው ላይ ደግሞ የአሜሪካ ጎሽ አለቀ። በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠረው መንጋ በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ ጥቂት መቶዎች ወረደ። አዳኞች ቆዳውን ገፈው ሥጋውን ሜዳ ላይ ጥለው ይሄዱ ነበር። በሜዳው የሚኖሩት ነባሮቹ የላኮታና የኮማንቺ ሕዝቦች ምግብ፣ ልብስና ድንኳን አብሮ ጠፋ። የጦር አዛዦችም ይህን ያውቁ ነበር፤ የተራበ ሕዝብ አይዋጋም። በ1887 የወጣ ሕግ የነባሮቹን የጋራ መሬት ለየግል ከፋፍሎ የተረፈውን ለሰፋሪ ከፈተ። 56 ሚሊዮን ሄክታር ያህል የነበረው ይዞታቸው በ1934 ወደ 19 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር።

የላኮታዎች ክርክር ዛሬም አልተዘጋም። በ1868 ውል ብላክ ሂልስ የተባሉት ተራሮች የነሱ እንዲሆኑ ተፈርሞላቸው ነበር። በ1874 እዚያ ወርቅ ተገኘ፣ በ1877 መንግሥት ወሰደው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1980፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መሬቱ ተገቢ ካሳ ሳይከፈልበት እንደተወሰደ አምኖ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ እንዲከፈል ወሰነ። ገንዘቡ ከነወለዱ ዛሬ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር አልፏል። ላኮታዎች እስካሁን አልተቀበሉትም። የሚጠይቁት መሬቱን ነው።