ቅር ያሰኙን የ2024 ፊልሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ለእይታ ከበቁት ታላላቅ ፊልሞች መካከል ብዙ ተጠብቆባቸው ተመልካቹን ቅር ያሰኙት ጥቂት አይደሉም። ስለ እነርሱ ሲወራ ግን ኪሳራ፣ የሥራ ድክመት እና ያልሰመረ ተስፋ የሚባሉት ሦስት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ ነገር ይቆጠራሉ፤ አብዛኞቹ የተሳሳቱ አመለካከቶችም የሚወለዱት ከዚህ መደበላለቅ ነው። ማንም ምንም ያልጠበቀበት ደካማ ፊልም ማንንም ቅር አያሰኝም።

«ገንዘብ ያላመጣ ፊልም ተመልካቹን ያላረካ ፊልም ነው» የሚለው አባባል የዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። በጆርጅ ሚለር ዳይሬክተርነት የተሠራው «ፊዩሪዮሳ» ወደ 168 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ያስገባው ከ175 ሚሊዮን ዶላር በታች ነው፤ ይሁን እንጂ ከሐያስያኑ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህሉ ወደውታል። በዚህ ፊልም ቅር የተሰኘው ያየው ሰው ሳይሆን ገንዘቡን ያወጣው ስቱዲዮ ነው። በአንጻሩ በዚያው ዓመት የወጣው «ቬነም፦ ዘ ላስት ዳንስ» አብዛኞቹ ሐያስያን ቢነቅፉትም ከ470 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል።

ከገንዘብ ጋር የተያያዘው ሌላው ስሕተት የበለጠ የተስፋፋ ነው፤ አንድ ፊልም ከተሠራበት ወጪ በላይ ካስገባ አትርፏል ተብሎ ይታመናል። የ2019ኙ «ጆከር» ተከታይ የሆነው «ጆከር፦ ፎሊ አ ዱ» እንደተዘገበው ከ190 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ወደ 207 ሚሊዮን ዶላር ስላስገባ፣ ቁጥሩን ብቻ የተመለከተ ሰው ቢያንስ ወጪውን መልሷል ሊል ይችላል። ነገር ግን የሚነገረው ገቢ ተመልካቹ ለቲኬት የከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ እንጂ ስቱዲዮው እጅ የገባው አይደለም። በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ከቲኬቱ ግማሽ ያህሉን ያስቀራሉ፤ በቻይና ደግሞ ለውጭ አገር ስቱዲዮ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የፊልሙ በጀት ተብሎ የሚጠቀሰው አኃዝ የማስታወቂያውን ወጪ አይጨምርም፤ ይህም በእንዲህ ያሉ ግዙፍ ፊልሞች ላይ በብዙ አሥር ሚሊዮኖች፣ አንዳንዴም ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚቆጠር ነው። በመስኩ ያሉ ሰዎች አንድ ፊልም ከሲኒማ ቤት ብቻ ወጪውን ለመመለስ የበጀቱን እጥፍ ወይም ሁለት ተኩል እጥፍ ማስገባት አለበት ብለው በግምት የሚያሰሉትም ለዚህ ነው። በዚህ ስሌት «ፎሊ አ ዱ» ከኪሳራው አፋፍ ላይ ሳይሆን ከገደሉ ሥር ነበር። እርግጥ ነው፣ በኋላ ከቴሌቪዥን እና ከኢንተርኔት ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ ጉድጓዱን በጥቂቱ ይሞላል።

የመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ገቢ የፊልሙን ተወዳጅነት ያሳያል የሚባለውም እንዲሁ መታረም አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚገባው ተመልካች ፊልሙን ገና አላየውም፤ ያመጣው ማስታወቂያው፣ ተዋናዩ ወይም የቀደመው ክፍል ትዝታ ነው። ፊልሙ ራሱ የሚመዘነው ያዩት ሰዎች ለሌሎች ከነገሩ በኋላ፣ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የ2019ኙ «ጆከር» በአሜሪካ እና በካናዳ በ96 ሚሊዮን ዶላር ከፍቶ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የቀነሰው ከግማሽ በታች ሲሆን፣ ተከታዩ በ38 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍቶ በሁለተኛው 81 በመቶ አሽቆለቆለ። በዓለም ዙሪያ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ፣ በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ፣ የተሸለመ፣ ለ11 የኦስካር ሽልማቶች የታጨ ፊልም ተከታይ እንዲህ መውደቁ ዓመቱ ካየው ቅሬታ ሁሉ የከፋው ይመስለኛል።

ስለ መቶኛዎችም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ሮተን ቶሜቶስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ የሚታየውን አኃዝ ብዙዎች እንደ ፈተና ውጤት ያነቡታል፤ 60 በመቶ ሲያዩ ፊልሙ ከመቶ 60 አገኘ ይላሉ። እውነታው ግን አኃዙ ስለ ፊልሙ በጎ ግምገማ የጻፉ ሐያስያን ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆኑ የሚገልጽ መሆኑ ነው። አሥር ሐያስያን አሥራቸውም «ደህና ነው፣ ይታያል» ካሉ ፊልሙ 100 በመቶ ያገኛል፤ ሰባቱ በፍቅር ያበዱለት ሦስቱ ግን የጠሉት ፊልም 70 ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከፍተኛ መቶኛ አይቶ ድንቅ ሥራ ጠብቆ የገባ ሰው ደህና ብቻ የሆነ ፊልም ሲያጋጥመው ቅር ቢሰኝ አይገርምም፤ ጥፋቱ ግን የፊልሙ አይደለም። ሲኒማስኮር የሚባለው ደግሞ ፊልሙ በሚከፈትበት ቀን ከአዳራሽ የሚወጡ ተመልካቾችን ጠይቆ ከኤ እስከ ኤፍ ደረጃ ይሰጣል። ተጠያቂዎቹ ፊልሙን ለማየት ጓጉተው ገንዘብ የከፈሉ ሰዎች በመሆናቸው ውጤቱ ወደ ላይ ያዘነብላል፤ ሲ እንኳን እንደ መጥፎ ዜና ይቆጠራል። «ጆከር፦ ፎሊ አ ዱ» ያገኘው ዲ ነው።

«ዳይሬክተሩን ነጻ ቢለቁት ኖሮ ፊልሙ ያምር ነበር» የሚለውን ቅሬታ ደግሞ «ሜጋሎፖሊስ» ፈትኖታል። ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ 120 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከራሱ ሀብት አውጥቶ፣ ማንም ስቱዲዮ እጁን ሳያስገባበት፣ ለአሥርተ ዓመታት ሲያልመው የኖረውን ሥራ በግንቦት 2024 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ አቀረበ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ያስገባው 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ከተመልካቹ ያገኘውም ዲ ፕላስ ነው። ይህ የስቱዲዮ ጣልቃ ገብነት ፊልም አያበላሽም ማለት አይደለም፤ ብዙ አበላሽቷል። ነጻነት ብቻውን ፊልም አይሠራም እንጂ።

ከዚሁ ፊልም ጋር የተያያዘ፣ ፈገግ የሚያሰኝ ታሪክ አለ። ሐያስያን ታላላቅ ሥራዎችን ሁልጊዜ ሲወጡ ያጣጥሏቸዋል የሚለውን እምነት ለመጠቀም የፈለገ አንድ የ«ሜጋሎፖሊስ» ትሬለር (የማስታወቂያ ቅንጭብ)፣ የኮፖላን ቀደምት ፊልሞች ስመ ጥር ሐያስያን የነቀፉባቸው ናቸው ያላቸውን ጥቅሶች ደረደረ። ጥቅሶቹ ግን የፈጠራ ሆነው ተገኙ፤ አከፋፋዩ ላየንስጌት በነሐሴ 2024 ትሬለሩን አንሥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ያልተጻፈ ነቀፋ መፈብረክ ያስፈለገው የኮፖላ «ጎድፋዘር» ገና ሲወጣ ብዙ ሐያስያን ያደነቁት ፊልም ስለነበር ነው።

የተዋናይ ዝና ዋስትና ነው የሚለው ረጅም መልስ አያሻውም። በሰፊው በሚታወቅ የቪዲዮ ጨዋታ ላይ ተመሥርቶ፣ ኬት ብላንሼትን፣ ኬቪን ሃርትን እና ጄሚ ሊ ከርቲስን ይዞ የወጣው «ቦርደርላንድስ» ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ያስገባው 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በ2021 ተቀርጾ፣ በኋላ በሌላ ዳይሬክተር ተጨማሪ ቀረጻ ተደርጎለት በ2024 መውጣቱ ግን «እንደገና የተቀረጸ ፊልም ከመጀመሪያው የሞተ ነው» የሚሉትን አጸናቸው። የእነርሱ ግምትም ሁልጊዜ አይሰምርም፤ «ወርልድ ዋር ዚ» በ2013 ከመውጣቱ በፊት መጨረሻው ከሞላ ጎደል እንደገና ተጽፎ ተቀርጿል፣ ሆኖም ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል።

በመጨረሻም፣ ሲወጣ የወደቀ ፊልም ለዘለዓለም ወድቋል የሚሉ አሉ፤ ጊዜ ሁሉንም ያነሣዋል የሚሉም እንዲሁ። የሳይንስ ልብ ወለዱ «ብሌድ ራነር» እና አስፈሪው «ዘ ቲንግ» በአንድ ቀን፣ ሰኔ 25 ቀን 1982፣ በአሜሪካ ተከፍተው ሁለቱም ተመልካች ራቃቸው፤ ዛሬ ሁለቱም በዘርፋቸው ከታላላቆቹ ይቆጠራሉ። በዚያው ዓመት የወደቁት ሌሎች ፊልሞች ግን አብዛኞቹ ስማቸው እንኳ አይነሣም። ከ2024ቱ መካከል እኔ መልሼ የማየው «ፊዩሪዮሳ»ን ነው፤ «ቦርደርላንድስ»ን የሚያነሣው ትውልድ ግን ይመጣል ብዬ አላስብም።