ቀይና ሰማያዊ ሥዕል ማስረጃ አይደለም

ጅማ ውስጥ የአየርና የውኃ ፍሰትን በኮምፒውተር አስመስሎ በሚያሰላ ሶፍትዌር (በሲሙሌሽን) ንድፍ የሠራ ሰው ሥራውን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚዘረጋልኝ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም የሞላበት ሥዕል ነው። «ይህ ከየት መጣ?» ስል መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ሶፍትዌሩ ነው ያወጣው።» ይህን መልስ መስማት ታክቶኛል።

ሶፍትዌሩ ከሰጡት ውጪ የሚያወጣው ነገር የለም። ባለፈው ዓመት ከቡና ለቀማ በፊት አንድ ወጣት መሐንዲስ የቡና ማድረቂያ ንድፍ አመጣልኝ። የአየሩን እፍግታ፣ ማለትም አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነውን፣ ስንት እንዳደረገው ብጠይቀው ዝም አለ። ፋይሉን ስንከፍት 1.225 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ይላል። ተጠቃሚው ካልቀየረው በስተቀር አንሲስ ፍሉየንት የተባለው የተጠቀመበት ሶፍትዌር የሚይዘው ቁጥር ይህ ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ያለ የ15 ዲግሪ አየር እፍግታ ማለት ነው። ጅማ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በሞቃት ቀን እዚህ አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ አይሞላም። ማራገቢያው የሚገፋው የአየር ይዘት በሜትር ኩብ ባይለወጥም ክብደቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ቡናውን የሚያደርቀው ሙቀትም አብሮ ይቀንሳል። በኮምፒውተሩ ላይ የበቃው ማራገቢያ እዚህ አይበቃም።

በዚህ አላበቃም። ከጣውላ የሠራውን ትንሽ ሞዴል አስመጣሁና ማራገቢያውን አስነሥተን በመግቢያው ላይ ዕጣን አጨስን። በሥዕሉ መሠረት ጭሱ ወደ ላይኛው መደርደሪያ መውጣት ነበረበት። በበሩ ስንጥቅ ሾልኮ ወጣ። ልጁ በሩን የሣለው እንደ ድፍን ግድግዳ ነበርና ሶፍትዌሩ ስንጥቁን ከየት ያውቀዋል?

«መረቡ በደቀቀ ቁጥር ውጤቱ ትክክል ይሆናል» የሚሉም አሉ፤ መረብ የሚሉት ሶፍትዌሩ ለማስላት ቦታውን የሚከፋፍልባቸውን ትንንሽ ክፍሎች ነው። የተሳሳተ መነሻ አሥር ሚሊዮን ቦታ ቢከፋፈልም ስህተቱ ያው ነው፤ ኮምፒውተሩ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ይደክማል። መረቡን በሦስት መጠን ሠርቶ የመውጫው ሙቀት መለዋወጥ ማቆሙን ማየት ይሻላል።

«ሶፍትዌሩ ውድ ነው» ለሚሉ፦ ኦፕንፎም የሚባለው ተመሳሳይ ሶፍትዌር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ በነጻ ይገኛል።

«ለሁሉም ነገር ሲሙሌሽን ያስፈልጋል» የሚለውማ ያስቀኛል። አንዱ ለቡና ማጠቢያ ውኃ የሚወስድ ቀጥ ያለ ቧንቧ ሦስት ቀን ሲያሰላ ከረመ። ውኃ በቧንቧ ሲሄድ በሰበቃ የሚያጣውን ግፊት የሚያሰላውን የዳርሲና ዋይስባክን ቀመር ቢይዝ ሻይ ሳይቀዘቅዝ በግማሽ ገጽ ይጨርሰው ነበር።

እባካችሁ፣ ወደ እኔ ስትመጡ ሥዕሉን ቤት ተዉት። ያስገባችሁትን እፍግታና ሙቀት በአንድ ወረቀት ጻፉ፤ የገባውና የወጣው አየር በክብደት እኩል መሆኑን ደምራችሁ አሳዩኝ፤ ትንሽ ሞዴል ካላችሁም ይዛችሁ ኑ። ከሰሉና ዕጣኑ እኔ ጋ አለ።