ቀጥተኛና ተዘዋዋሪ ልኬት፦ የጣና ከፍታና የዓባይ ፍሰት

ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ በቆመ ባለ ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ የጣናን ከፍታ ማንበብ ቀጥተኛ ልኬት ነው፤ ርዝመት ከርዝመት ጋር ይነጻጸራል። ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚይዝ ግን እንዲህ አይነበብም፤ ወርድ፣ አማካይ ጥልቀትና አማካይ ፍጥነት ተለክተው ይባዛሉ። ይህ ተዘዋዋሪ ነው።

«ተዘዋዋሪ» ማለት ግምት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም፤ ዋናው ጉዳይ ስህተት መጠራቀሙ ነው። ወርዱ በ1%፣ ጥልቀቱ በ2%፣ ፍጥነቱ በ5% ቢሳሳት ውጤቱ እስከ 8% ገደማ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ቅድሚያ ጥንቃቄ የሚሻው ፍጥነቱ ነው። ውሃ ወደ ገጹ ይፈጥናል፣ ወደ ወለሉ ይዘገያል፤ የገጹን ብቻ የለካ ሰው ፍሰቱን ያጋንናል። ስለዚህ አማካዩን ፍጥነት ለማግኘት የፍጥነት መለኪያው ከገጹ ወደ ታች የጥልቀቱ 0.6 ላይ ይጠመቃል፤ ጥልቅ በሆነበት ቦታ በ0.2 እና በ0.8 ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል።