«ስሜት ከሆነማ ምን ያከራክራል?» አትበሉኝ

ሥነ ምግባር ሳስተምር፣ «‹ጥሩ› እና ‹መጥፎ› ስንል ስሜታችንን እናሰማለን እንጂ ስለ ነገሩ መረጃ አንሰጥም» ከሚለው አስተሳሰብ ላይ ስደርስ በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል፤ ጥያቄው አይለወጥም። «መምህር፣ ‹ጥሩ› እና ‹መጥፎ› የስሜት ቃላት ከሆኑማ ምን ያከራክረናል? ለአንዱ ሽሮ፣ ለሌላው ዶሮ!» ክፍሉ ይስቃል። እኔ መሳቅ ካቆምኩ ቆየሁ።

ስለዚህ አስተሳሰብ የሚነሱትን ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ላራግፍ። «መስረቅ መጥፎ ነው» ማለት «መስረቅ አልወድም» ማለት ነው? አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ኤየር በ1936 (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ስለ ስሜት መናገርና ስሜትን ማሰማት እንደሚለያዩ ነው። «አመመኝ» ያለን ሰው «ውሸትህን ነው» ልትሉት ትችላላችሁ፤ «ወይኔ!» ያለውን ግን ምን ትሉታላችሁ? «ሁሉም ተፈቀደ ማለት ነዋ» የሚሉም አሉ። የቃልን ሥራ ማስረዳት ፈቃድ ማደል አይደለም። ቃሉ ስሜት መሸከሙን ለተጠራጠረ ደግሞ ያንኑ ብር አንዴ «ጉቦ»፣ አንዴ «የሻይ» ብሎ ይጥራው።

ወደ ሽሮው ልመለስ። ሽሮ ወዳጅና ዶሮ ወዳጅ ምግብ ቤት ገብተው አይጣሉም፤ ለየራሳቸው ያዛሉ። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ድስት ብቻ ከሆነ ግን ነገር ይመጣል። አሜሪካዊው ቻርልስ ስቲቨንሰን በ1937 የለየው ይህን ነው፤ «ነገሩ እንዲህ ነው፣ አይደለም» ብሎ መለያየት አንድ ነው፤ «ይሁን፣ አይሁን» ብሎ መለያየት ሌላ።

የአባታችን ተዝካር ሲደርስ እህቴ ድንኳን ተጥሎ አገር ይብላ አለች። ወንድሜ ገንዘቡ ለእናታችን ይቀመጥ አለ። የበሬውን ዋጋም፣ የጤፉን ኪሎም ሁለቱም እኩል ያውቃሉ። «ነውር ነው!» «ብክነት ነው!» ስለ ወጪው የጎደለ መረጃ አልነበረም። ኤየር መረጃው ላይ ከተስማማን የሚቀረን ስድብ ነው ባይ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ስድቡም አልቀረም። ግን የሚሰዳደቡት በአንድ ድንኳን ጉዳይ ስለሆነ ክርክሩ እውነተኛ ክርክር ነበር።

ከንቱስ ነበር? በሦስተኛው ምሽት እናታችን ማናችንም የማናውቀውን ነገረችን፤ አባታችን የሞተ ጓደኛውን ተዝካር በብድር ደግሶ ዕዳውን ሁለት ዓመት ሲከፍል ኖሯል። እህቴ ፊቷ ተለወጠ። «እንግዲያው ለእኛም ጠበል ጠዲቅ ይበቃናል፤ ዕዳ አልገባም» አለች። አያችሁ፣ መረጃ ስሜትን ያዞራል፤ ተማሪዎቼ የሚዘነጉት ይህን ነው። ወዴት እንደሚያዞር ግን ዋስ የሚሆን የለም፤ ስቲቨንሰንም አልሆነም። ያንኑ ወሬ የሰማው ወንድሜ ብድግ ብሎ «ለወዳጁ የተበደረ ሰውማ በጠበል ጠዲቅ አይሸኝም!» አለ።

በማግስቱ ክርክሩ ቀጠለ፤ ቦታ ተቀያይረው።